የፍየል ጀርባ የለበሰው ደጋን

መካነ ሰላም ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን እሠራለሁ። ክረምት ሲገባ ትእዛዝ ይቀንሳል፤ ገበሬው እርሻው ላይ ነው፣ ሠርግ የለም፣ አልጋ የሚያሠራም አይመጣም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዱ ሐምሌ ሥራ ፈትቼ ስልኬን ስነካካ፣ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ሰው ከእንጨት ደጋን ሲጠርብ አየሁ። ቋንቋው አይገባኝም፤ እጁ የሚሠራው ግን ይገባኛል። እኔ ደጋን የማውቀው ጎረቤታችን የነበሩ ሴትዮ ጥጥ ሲነድፉበት ነው። ይኼኛው ፍላጻ የሚወረወርበት፣ ከሰው ቁመት ጥቂት የሚያንስ ነበር። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁትና መላጊያዬን አነሳሁ።

የመጀመሪያው ባሕር ዛፍ ነበር፤ በቅጡ ሳልስበው ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ከወይራ ሠራሁት። ግማሽ ድረስ እንደሳብኩት እንደ ጥይት ጮኾ ለሁለት ተከፈለና አንዱ ቁራጭ ጣሪያውን መታው። እህቴ ከጓዳ ወጥታ፣ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

«ምንም አልሆንኩም» አልኳት።

እውነትም የተጎዳ ነገር አልነበረኝም፤ ቁራጩን ግን አንስቼ አገላበጥኩት። ሃያ ዓመት ያህል እንጨት ስቆርጥ፣ ስልግና ስቸነክር ኖሬ፣ ውስጡ ይህን ያህል ጉልበት ተኝቶ እንደሚኖር አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብቻዬን መታገሉን ትቼ እንደኔ የሚሞክሩ ሰዎች ፈለግሁ። በቴሌግራም አንድ ቡድን አገኘሁ። አርባ አንሞላም። መካኒክ አለ፣ ነርስ አለች፣ ገበሬም አለ። ከደጋን የሚተዳደር ግን አንድም የለም፤ ሁላችንም ለፍቅሩ ነው። ዳኛችን ደሴ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ሁሉም «መምህር» ነው የሚላቸው። በዓመት አንዴ ሜዳ ላይ ተገናኝተን እንደምንወዳደር ነገሩኝና ደንቡን ላኩልኝ።

ደንቡ ሁለት ገጽ ነው። ሳነበው አፌን ያዝኩ። የጎበጠ እንጨት ነው ብዬ ያሰብኩትን ነገር ሰዎቹ እንደ ከብት ዘር ለይተው አስቀምጠውታል። ከአንድ እንጨት የተጠረበ፣ ሙጫ ያልነካው ደጋን «ወጥ» ይባላል። እንጨቱ አንድ ሆኖ ጀርባው ላይ ጅማት ወይም ቆዳ የተለጠፈበት «ለባሽ» ነው። ሁለት ሦስት ዓይነት እንጨት ተነባብሮ ከተጣበቀ «ድርብ» ይሆናል። ቀንድ የገባበት ደግሞ ለብቻው ነው። እያንዳንዱ ከመሰሎቹ ጋር ብቻ ይወዳደራል።

ይህን ሁሉ መለየት ለምን እንዳስፈለገ መምህርን በስልክ ጠየቅኳቸው።

«ደጋን ሲሳብ ወደ ዒላማው የዞረው ፊቱ ይለጠጣል» አሉኝ። «እሱን ጀርባ እንለዋለን። ወደ አንቺ የሚያየው ሆዱ ደግሞ ይጨመቃል። እንጨት መጨመቁን ይችለዋል፤ የሚሰበረው ሲለጠጥ ነው። ጀርባው ላይ የበሬ ጅማት ከለጠፍሽበት መለጠጡን ጅማቱ ይሸከምለታል። ታዲያ ጅማት የለበሰውን ከወጡ ጋር ላወዳድር? አንዱ በእንጨት ብቻ መጥቷል፤ ሌላው በሬ አግዞታል።»

ከደንቡ ግርጌ በቀይ የተሰመረበት አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። ልባሱ ለጥበቃ ብቻ ከሆነ ደጋኑ ወጥ ይባላል፤ ልባሱ የሚሠራ ከሆነ ለባሽ ይባላል። ያን ጊዜ ብዙም ልብ አላልኩትም።

ሦስተኛውን ደጋን የጠረብኩት መንገድ ሲሰፋ ከተቆረጠ የወይራ ቅርንጫፍ ነው። እንጨቱ ሥራ ቤቴ ውስጥ ሁለት ዓመት ደርቋል። ልጡን ብቻ ልጬ ጀርባውን እንዳለ ተውኩት፤ ከሆዱ በኩል ብቻ በቀስታ እየፋቅሁ ሁለቱ ክንዶቹ እኩል እንዲጎብጡ አደረግሁ። ዐሥራ አምስት ቀን ፈጀብኝ። ጎረቤቴ ማር የሚመዝንበትን ተንጠልጣይ ሚዛን ተውሼ፣ በደንቡ መሠረት ሰባ ሴንቲ ሜትር ድረስ ስስበው ዐሥራ ሰባት ኪሎ አነበብኩ። ቁጥሩን ሆዱ ላይ በእርሳስ ጻፍኩት። ደስታዬ ሳይበርድ የላይኛው ክንድ ጀርባ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥር ተነሥታ አየሁ። ለቡድኑ ፎቶ ብልክ ሁሉም አንድ ነገር መለሱልኝ፤ ስስ ቆዳ አልብሺው፣ ካልሆነ ይሰበርብሻል።

ቆዳ የሚያውቅ ሰው ሳስብ የመጡልኝ የኔታ ናቸው። በወግዲ አቅጣጫ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ተሂዶ ባለ ደብር ብራና ይፍቃሉ። ሰማንያን አልፈዋል። ቀደም ሲል መጽሐፍ የሚቀመጥበት አትሮንስ ሠርቼላቸው ስለነበር ያውቁኛል። ደጋኑን በነጠላ ጠቅልዬ በጠዋት ተነሣሁ።

ስደርስ ደጃቸው ላይ የፍየል ቆዳ ከአራት እንጨት በተሠራ መወጠሪያ ላይ በገመድ ተወጥሮ፣ እሳቸው ፊት ለፊቱ ቆመው ይፍቁ ነበር።

«እንደምን አደሩ፣ የኔታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የአትሮንሷ ነሽ አይደለሽም?» አሉና የያዝኩትን አዩት። «መቋሚያ ያመጣሽልኝ መስሎኝ ነበር። ይኼስ ጎብጧል።»

«ደጋን ነው።»

«ጥጥ ልትነድፊ ነው?»

«አይደለም፣ የኔታ። ፍላጻ ይወረወርበታል። ማን ራቅ አድርጎ እንደሚወረውር እንወዳደራለን። ጨዋታ ነው።»

«ሰው አይጎዳም?»

«ሰውም ወፍም አይጎዳም።»

ተቀበሉኝ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ደጋኑን ግን በዓይናቸው አላዩትም። አውራ ጣታቸውን ከአንዱ ጫፍ ጀምረው በጀርባው ላይ ቀስ አድርገው አሳለፉት። ስንጥሯ የት እንዳለች አልነገርኳቸውም ነበር። እጃቸው እዚያ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ላይ አሞታል» አሉ።

ሲሳብ የትኛው ወገን እንደሚለጠጥ፣ የትኛው እንደሚጨመቅ ከመምህር የሰማሁትን አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ቤት ገብተው የደረቀ ሙሉ የፍየል ቆዳ ይዘው ወጡና በፀሐይ አንጻር ዘረጉት። ብርሃኑ በቆዳው አለፈ። መሐሉ ላይ ከአንገት እስከ ጅራት የሚወርድ ጠቆር ያለ መስመር ታየኝ።

«ይኼ አከርካሪዋ ያለፈበት ነው» አሉ። «ጎንና ጎኑን አየሽው? ያ የሆዷ ቆዳ ነው። ስትጠግብም ስታረግዝም ሲለጠጥ የኖረ ስለሆነ ዛሬም ከሳቡት እሺ ይላል። የጀርባዋ ግን አይለመንም። እኔን ገጹን እያጣመመ ያስቸግረኛል። ለአንቺ ግን ይሆናል። የእንጨትሽ ጀርባ የፍየል ጀርባ ነው የሚፈልገው።»

«ለመጽሐፍ ያሰቡት ከሆነ ይቅር፣ የኔታ።»

«ፊደል ያረፈበት ቢሆን ኖሮ አልሰጥሽም ነበር። ይኼ ገና ምንም ያልተጻፈበት ነው። አብሽሪ።»

ሁለት ረጃጅም ቁራጮች ከመሐሉ ቆረጡ። አሁኑኑ ይሰጡኛል ብዬ እጄን ስዘረጋ አልሰጡኝም። ውሃ ውስጥ ነከሩት፤ ሲለሰልስ በትንሽ መወጠሪያ ወጠሩትና እንደገና መፋቅ ጀመሩ። ቀኑ እስኪያጋድል አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ። መፋቂያ ብረቱን እንደ ቀላል ነገር ያዝ ያደርጉታል፤ ከላይ ወደ ታች አንዴ፣ ከዚያ ቆም። ጆሯቸውን ወደ ቆዳው ያስጠጋሉ። ደግሞ አንዴ። እኔ የምሠራባቸው መሣሪያዎች ሁሉ ልኬት አላቸው፤ ሜትር አለኝ፣ ውፍረት የሚለካ ካሊፐር አለኝ። እሳቸው አንድም የላቸውም። ሲጨርሱ ቁራጩን በጣቶቼ መሐል አድርጌ ከዳር እስከ ዳር ሞከርኩት፤ የወፈረበት ወይም የሳሳበት ቦታ ፈልጌ አጣሁ።

«ሙጫውን ከዚሁ ትርፍራፊ ቀቅይው» አሉኝ። «ስትለጥፊው ደጋኑን ወደ ጀርባው አጉብጠሽ እሰሪው። ቆዳ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሲሰበሰብ የሚይዘው ነገር ስጪው።»

«ስንት ቀን ልተወው?»

«እስኪናገር። በጥፍርሽ ስትመቺው የሞተ ድምፅ ከሰጠሽ አልደረቀም።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። በየጠዋቱ ሥራ ቤቴን ስከፍት መጀመሪያ እሱን በጥፍሬ እመታዋለሁ። አንድ ሳምንት እርጥብ ሰሌን የመታሁ ያህል ነበር። ዝናቡ እየቆመ ሲመጣ ድምፁም እየጠራ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ መታሁት፤ እንደ ትንሽ ከበሮ መለሰልኝ። ማሰሪያውን ስፈታ ደጋኑ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ገመድ ሳይኖርበት ሦስት ጣት ያህል ወደ ጀርባው ቀልበስ እንዳለ ቀረ።

ገመዱን አስገብቼ ሚዛኑ ላይ ሳብኩት። ሃያ ኪሎ። ሚዛኑ የተሳሳተ መስሎኝ ደገምኩት፤ ሠለስኩት። ሃያ ነው። ከጥፍር የማይወፍር ቆዳ በእንጨቱ ላይ የሦስት ኪሎ ጉልበት ጨምሯል። ቁጥሩን ከዐሥራ ሰባቱ ጎን ጻፍኩና የመጋዙ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ አልኩ። ለስንጥር መድኃኒት ፍለጋ ሄጄ ነበር፤ ሽማግሌው የሰጡኝ ግን ሌላ ክንድ ነው።

ያ በቀይ የተሰመረው ዐረፍተ ነገር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ልባሱ የሚሠራ ከሆነ።

ለቡድኑ ፎቶውን ላክሁ። መምህር ወዲያው፣ «ስስ ቆዳ ስለሆነ ጥበቃ ነው፤ ምድብሽ ወጥ ነው» ብለው ጻፉ። ስለ ኪሎው የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም። ወጥ ውስጥ ከገባሁ እንደማሸንፍ አውቅ ነበር። ለባሽ ውስጥ ግን በበሬ ጅማት የተሸፈኑ፣ ከኔ በእጅጉ የሚበልጡ ደጋኖች አሉ። ሁለት ወር ሙሉ ዝም አልኩ።

ውድድሩ ኅዳር መጨረሻ ላይ አቀስታ ሆነ። ከደሴ ለሚመጡትም ለእኛም አማካይ ስለሆነ ነው የተመረጠው፤ ስሙ ውስጥ ቀስት አለበት እያሉ የሚቀልዱም ነበሩ። መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ሳምንት በሚኒባስ ሄድኩ። ደጋኑ ቁመቱ አልመች ብሎ በተሳፋሪው ራስ በላይ ተጋድሞ ነው የተጓዘው። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው፣ «ዘመኑ ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት ነው» አሉኝ።

አቀስታ ብርድ ነው። ሜዳው ላይ ገብሱ ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ ቀርቷል፤ ነፋሱ ያለ ከልካይ ይመጣል። ሃያ የምንሆን ሰዎች ጋቢያችንን ተከናንበን አንድ ጠረጴዛ ከበብን። መምህርን በአካል ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገታቸው ላይ ሻርፕ የጠመጠሙ ሰው ናቸው። ደጋኖቹን አንድ በአንድ እያነሱ፣ ጀርባና ሆዳቸውን እያገላበጡ ያዩና በየምድባቸው ያስቀምጣሉ። የአንዱን መጋጠሚያ በአጉሊ መነጽር ሲያዩ አምስት ደቂቃ ቆሙ። አንድም ሰው አልተቻኮለም። ለጨዋታ ነው ብለው የተሰበሰቡ ሰዎች ለእንጨት ይህን ያህል ክብር ሲሰጡ ማየቱ አስገረመኝ። የኔን አነሱና አንዴ አገላብጠው ወጦቹ መሐል አኖሩት።

ያኔ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«መምህር፣ የኔ ቦታው እዚያ አይመስለኝም።»

«ለምን?»

«ቆዳው ይሠራል።»

ፈገግ አሉ። «የፍየል ቆዳ እኮ ነው፣ እህቴ። ውፍረቱም ከወረቀት ብዙ አይበልጥም። ምን ሊሠራ ይችላል?»

ሆዱ ላይ በእርሳስ የጻፍኳቸውን ሁለት ቁጥሮች አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ደጋኑን ሚዛን ላይ ሳቡት፤ ሃያ አለ።

«ሃያ መሆኑን አየሁ» አሉ። «ዐሥራ ሰባት እንደነበር በምን አውቃለሁ?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌላ ምስክር የለኝም።»

«እንጨቱ ይበልጥ ደርቆ ቢሆንስ?»

«ሁለት ዓመት የደረቀ ነው። በሦስት ሳምንት፣ ያውም በክረምት፣ ከዚያ በላይ አይደርቅም።»

ገመዱን ፈቱት። ደጋኑ ወደ ጀርባው ቀልበስ ሲል አዩ። ከዚያ በጥፍራቸው ቆዳውን መቱትና ጆሯቸውን አስጠጉ። ደግመው መቱት። ፈገግታቸው ጠፋ። አጠገባቸው ለቆመው መካኒክ አቀበሉት፤ እሱም መታውና ለሚቀጥለው ሰጠው። ደጋኑ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከነፋሱና ከዚያች ትንሽ ድምፅ በቀር ሌላ አይሰማም ነበር።

«ራሱን ለመጉዳት የሚዋሽ ሰው አላየሁም» አሉ መምህር በመጨረሻ። «ማነው ይህን የሠራው?»

«እንጨቱን እኔ። ቆዳውን ብራና የሚፍቁ አንድ አባት።»

ደጋኑን ወስደው ለባሾቹ ጋ አስቀመጡት። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «አባትዬውን ማየት እፈልጋለሁ» አሉኝ።

ተራዬ ሲደርስ መስመሩ ላይ ቆምኩ። እጄ በብርዱ ደንዝዟል። ሳብኩት፤ ለሰባ ሴንቲ ሜትሩ ጣት ሲቀረኝ ቆዳው በጀርባው ላይ ሲጠብቅ እስከ ክርኔ ድረስ ተሰማኝ። ለቀቅሁት። ፍላጻው ቃርሚያውን አልፎ፣ ሜዳውን አልፎ ሲሄድ መጀመሪያ አየሁት፤ ከዚያ ጠፋኝ። የወደቀበትን ፈልገው ርቀቱን ሲለኩ ከወጦቹ ሁሉ ርቋል። ከለባሾቹ ግን ከአምስቱ አራተኛ ወጣሁ።

ወጡን ያሸነፈችው በከላላ ጤና ጣቢያ የምትሠራው ነርስ ናት። ሽልማቱ አንድ እስር የቀርከሃ ፍላጻ ነበር። እሱን ታቅፋ ወደኔ መጣችና፣ «ዝም ብትዪ ኖሮ ይኼ ያንቺ ነበር» አለችኝ።

«ነበር» አልኳት።

ሦስት ፍላጻ መዝዛ ሰጠችኝ። አልወስድም ብልም አልተወችኝም።

በማግስቱ መምህር ወደ ደሴ መመለሱን ትተው ከኔ ጋር መካነ ሰላም መጡ። አድረን በጠዋት ወደ የኔታ ሄድን። ለሁለት ሰዓቱ መንገድ በቅሎ ልፈልግልዎ ብላቸው እንቢ አሉ። የኔታ ደጃቸው ላይ ተቀብለው አስቀመጡን፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዝመራው ረጋ ብለው ተጠያየቁ። ከዚያ የኔታ ወደኔ ዘወር አሉ።

«እንጨትሽ እንዴት ሆነ?»

«ለባሽ ነው ተባለ፣ የኔታ። ቆዳው ሥራ ሠርቷል ብለው።»

«ሥራማ ይሠራል» አሉ፤ ነገሩ ምንም አላስደነቃቸውም። «ካልሠራ ለምን ይለብሳል?»

መምህር ሳቁ። ደንቡን አስረዷቸው፤ ስስ ልባስ አይሠራም ብለው ሁልጊዜ እንደሚፈርዱና አሁን እንደተሳሳቱ ነገሯቸው። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አሉ ቀጥለው። «መፋቁን የት ላይ እንደሚያቆሙ በምን ያውቃሉ?»

የኔታ ተነሥተው መወጠሪያው ጋ ወሰዷቸውና ብረቱን አስያዟቸው። የራሳቸውን እጅ በመምህር እጅ ላይ ደርበው ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ አብረው ፋቁ። እርጥብ፣ ወፍራም ድምፅ ነበር። ደገሙት። ሠለሱት። አራተኛው ላይ የኔታ፣ «አሁን ይስሙ» አሉ።

እኔም ሰማሁት። ድምፁ በአንድ ጊዜ ቀጠነ፤ ሌላ ቆዳ የተፋቀ መሰለኝ።

መምህር እጃቸውን ከብረቱ ላይ ሳያነሱ፣ «ሱብሃነላህ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እዚህ ላይ ነው የሚቆመው» አሉ የኔታ። «አንድ ጊዜ ከተጨመረ ይቀደዳል፤ አንድ ጊዜ ከጎደለ ይጠማዘዛል።»

መምህር ከኪሳቸው ደንቡን አወጡ፤ በቀይ የተሰመረበትን ዐረፍተ ነገር ሳይሰርዙ፣ ማንኛውም ደጋን ከመልበሱ በፊትና ከለበሰ በኋላ በሁለት ሰው ፊት ይመዘን የሚል ጨመሩበት። ከዚያ ዓመት ወዲህ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው።

ስንሰናበት የኔታ እኔን አስቀርተው መወጠሪያቸውን አሳዩኝ። አንዱ እግሩ ነቅዟል፤ ቆዳው ሲደርቅ ስቦ እያጣመመባቸው ነበር። እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ከዚያው ከወይራው ቅርንጫፍ የተረፈኝን አራት እንጨት ለግቼ፣ ያለ ሚስማር በምላስና በጎድጓድ አጋጥሜ በአሥረኛው ቀን ወሰድኩላቸው። አራቱንም ማዕዘን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና እርጥቡን ቆዳ መወጠር ጀመሩ። እኔም ገመዱን እያቀበልኳቸው ቆየሁ።